የንግግር ሕክምና ክፍያ፦ የጤና መድንዎ ምን ይሸፍናል?

ለድብርት ወይም ለጭንቀት የሚሰጥ የንግግር ሕክምና በአንድ ቀን አያልቅም፤ ብዙውን ጊዜ በየሳምንቱ ከ45 እስከ 60 ደቂቃ የሚወስዱ በርካታ ቀጠሮዎች አሉት። ስለዚህ የአንዱን ቀጠሮ ዋጋ ብቻ ሳይሆን ጠቅላላ ወጪውን አስቀድመው ይጠይቁ።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ የታደሰ መታወቂያዎን ይዘው ከጤና ጣቢያ ይጀምሩ። ሆስፒታል ካስፈለገ የሪፈር ወረቀት ይያዙ፤ ያለ ሪፈር ከሄዱ ከኪስዎ ሊከፍሉ ይችላሉ። መድኑ የሚከፍለው ውል ለገባባቸው ተቋማት ስለሆነ፣ የግል ክሊኒክ ከመጀመርዎ በፊት ያረጋግጡ። በመሥሪያ ቤትዎ በኩል መድን ካለዎትም ውሉ የአእምሮ ሕክምናን ይጨምር እንደሆነ ይጠይቁ።

ገንዘብ ካጠረዎ ሕክምናውን በዝምታ አያቋርጡ፤ ቀጠሮውን ማራራቅ ይቻል እንደሆነ ባለሙያዎን ያማክሩ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለ ግን ሪፈርም ሆነ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በአቅራቢያዎ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።