ሰንጠረዥ (ጨዋታ)

ሰንጠረዥ በኢትዮጵያ በተለይ በነገሥታትና በመኳንንት ዘንድ ይዘወተር የነበረ፣ ሁለት ሰዎች የሚጫወቱት የገበታ ጨዋታ ነው። የቼዝ ዘመድ ሲሆን፣ ዋና ልዩነቱ አጀማመሩ ላይ ነው፦ አንድ ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል ነገር የለም።

ስያሜ

ስሙ ከዐረብኛው «ሻጥራንጅ» ጋር የተያያዘ ነው። የሁለቱም መነሻ የሳንስክሪቱ «ቻቱራንጋ» ሲሆን፣ እግረኛ፣ ፈረሰኛ፣ ዝሆንና ሠረገላ ያሉትን ባለ አራት ክፍል ጦር ያመለክታል። ዛሬ «ሰንጠረዥ» ሲባል ብዙ ተማሪ የሚያስበው በረድፍና በዐምድ የተደረደረ መረጃን ነው።

ገበታና ጠጠሮች

ገበታው 64 ቤት አለው፤ ቤቶቹ ግን በጥቁርና በነጭ አይለዩም። ብዙ ጊዜ ቀይ ጨርቅ ላይ በጥቁር ወይም በሰማያዊ መስመር ይከፈላል። እያንዳንዱ ተጫዋች 16 ጠጠር ይይዛል፦

• ንጉሥ (1)፦ በየትኛውም አቅጣጫ አንድ ቤት ይሄዳል።
• ፈርዝ (1)፦ በቼዝ ንግሥት ቦታ ይቆማል፤ ግን በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል።
• ፊል (2)፦ ዝሆን ማለት ነው፤ በሰያፍ ወደ ሁለተኛው ቤት ይዘላል።
• ፈረስና ደር (2፣ 2)፦ እንደ ቼዝ ፈረስና ግንብ ይሄዳሉ።
• መደቅ (8)፦ እግረኛ ነው፤ ወደ ፊት አንድ ቤት ይሄዳል፣ በሰያፍ ይበላል።

ወረራ

የመክፈቻው ምዕራፍ «ወረራ» ይባላል። ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ በፈለጉት ፍጥነትና ብዛት ጠጠሮቻቸውን ያንቀሳቅሳሉ። አንዱ ፊሎቹን ወደ ግራ ሲያስጠጋ ሌላው አይቶ መደቆቹን ያሰልፋል፤ ያም ይህን አይቶ አሰላለፉን ይለውጣል። ስለዚህ በቃል የተጠና አከፋፈት ብዙም አይጠቅምም፤ የሚያዋጣው የተጋጣሚን እጅ መከታተል ነው። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃና ጨዋታው በተራ ይቀጥላል።

ማሸነፍ

ንጉሡ ብቻውን የቀረ ተጫዋች አይሸነፍም፤ ጨዋታው በአቻ ያልቃል። በደር ወይም በፈረስ ማሸነፍ እምብዛም አያስመሰግንም፤ በደካሞቹ ጠጠሮች፣ ለምሳሌ በመደቅ፣ ማሸነፍ ግን ያስከብራል። በዚህ ምክንያት ያገኘውን ሁሉ የሚበላ ተጫዋች በእጁ የገባውን ድል ሊያጣ ይችላል።

ታሪክ

በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ትግራይን የጎበኘው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት፣ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደነበር ጽፏል። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት የጨዋታውን ታሪክና ሕግ መዝግበዋል። እንደ እርሳቸው አገላለጽ ጨዋታው የጠፋው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከተካሄደው የጣሊያን ወረራ በኋላ ነው።