ቆዳን የማጥበቅ ሕክምናና የማገገም ሂደቱ

ያለ ቀዶ ሕክምና የፊትን ቆዳ ለማጥበቅ የሚደረጉ ሕክምናዎች ምላጭ ባይኖርባቸውም፣ ሰውነት ግን የሚቆጥራቸው እንደ ቁስል ነው። ከእነዚህ መካከል በሬዲዮ ሞገድና በአንድ ነጥብ ላይ በሚሰበሰብ የአልትራሳውንድ ሞገድ የሚሠሩት በስፋት የታወቁ ሲሆኑ፣ ቴርማጅ የተባለው የሬዲዮ ሞገድ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2002 ለዓይን ዙሪያ ሽብሽብ፣ አልቴራ የተባለው የአልትራሳውንድ መሣሪያ ደግሞ በ2009 ቅንድብን ከፍ ለማድረግ ከአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ፈቃድ አግኝተዋል። አልትራሳውንዱ እስከ 4.5 ሚሊ ሜትር ድረስ ወደ ውስጥ ዘልቆ፣ የጤፍ ፍሬ በሚያህሉ ነጥቦች ላይ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀት ይፈጥራል።

ቆዳን እንደ ድርና ማግ ወጥሮ የሚይዘው ኮላጅን የተባለው ፕሮቲን፣ ሥጋ መጥበሻ ላይ ሲያርፍ እንደሚኮማተረው ሁሉ፣ በሙቀቱ ወዲያው ይሰበሰባል፤ ዋናው ሥራ ግን ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። ሰውነት የተጎዳውን ክር ጥቂት በጥቂት ሲያፈርስ፣ ፋይብሮብላስት የሚባሉት ኮላጅን አምራች ሕዋሳት በምትኩ አዲስ ስለሚሠሩ፣ ለውጡ በደንብ የሚለየው ከ2 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ሲሆን እስከ 6 ወርም ሊቀጥል ይችላል።

ከላይ የሚታየው ማገገም ግን አጭር ነው። መቅላቱ፣ በጠቆረ ቆዳ ላይ ዐይን ከሚያየው ይልቅ እጅ በግለቱ የሚያውቀው ቢሆንም፣ በአብዛኛው በሰዓታት ውስጥ ይበርዳል፤ እብጠቱ ጥቂት ቀናት ይቆያል፤ መንጋጋን በጣት ሲጫኑ የሚሰማው ሕመምና መደንዘዝ አንዳንዴ ሳምንታትን ይሻገራል። እብጠት ቆዳን ስለሚወጥር፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት መስታወት ፊት የቆመ ሰው ሽብሽቡ የጠፋ ይመስለዋል፤ እብጠቱ ሲጎድል ሽብሽቡ ተመልሶ ስለሚታይ፣ ገንዘቡን የተበላ ያህል ያዝናል። በሦስተኛው ቀን የተነሣን ፎቶግራፍ የሕክምናው ውጤት አድርጎ የሚያቀርብ ማስታወቂያም የሚያሳየው እብጠትን እንጂ ኮላጅንን አይደለም።

ፊትን ለብ ባለ ውኃ መታጠብ በአብዛኛው በዚያው ቀን ይፈቀዳል። ለሕመሙ ፓራሲታሞል የሚመረጥበት ምክንያት፣ አዲሱ ኮላጅን የሚመጣው በብግነት በኩል ነው ብለው የሚያምኑ ሐኪሞች እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ ብግነት ቀናሽ መድኃኒቶችን ስለማይመክሩ ነው።

ለቆዳ ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን የሌዘርን ብርሃን ቢስብም የሬዲዮና የአልትራሳውንድ ሞገድን ግን ስለማይስብ፣ እነዚህ ሕክምናዎች ለጥቁር ቆዳ ከብዙ የሌዘር ዓይነቶች ይልቅ ይስማማሉ፤ ሆኖም ቆዳው ጥቂት እንኳ ከተቃጠለ ወራት የሚቆይ ጥቁር ምልክት ሊተው ይችላል። ስለዚህ ከፀሐይ መከላከያ ቅባትና ከጃንጥላ በተጨማሪ፣ አክንባሎው ሲነሣ ከምጣዱ ፊት ላይ የሚቦነውን እንፋሎትና የወይባ ጢስን ለጥቂት ቀናት መራቅ ይበጃል። ስቴሮይድ ያለባቸው የፊት ማቅያ ቅባቶች ደግሞ ቆዳውን የሚያሳሱና የኮላጅን ሥራን የሚያዳክሙ በመሆናቸው፣ የተከፈለበትን ሕክምና መልሰው ያፈርሳሉ።

ውኃ የቋጠረ ቁስል፣ ከመቀነስ ይልቅ የሚብስ ሕመም፣ ወይም ሲስቁ የአፍ አንዱ ጥግ ወደ ኋላ መቅረት ከታየ ሐኪሙ ዘንድ መመለስ ያስፈልጋል፤ የመጨረሻው ምልክት በመንጋጋ ጠርዝ የሚያልፈው ነርቭ በሙቀቱ ሲነካ በጥቂት ሰዎች ላይ የሚከሰት ሲሆን፣ በአብዛኛው በሳምንታት ውስጥ በራሱ ይመለሳል።