መክሊትና ደመወዝ

ጥሪ የሚባለው ነገር ምን እንደ ሆነ በመጀመሪያ ሊብራራ ይገባል፤ ቃሉ በሰው አፍ የተለመደ ቢሆንም ብዙ ጊዜ ከምኞት ጋር ይደባለቃልና። ምኞት፣ ሰው በዓይኑ ያየውን ሁሉ ለመሆን መፈለጉ ነው። ጥሪ ግን የሰውዬው ተፈጥሮ፣ የተማረው ትምህርትና በዙሪያው ያለው ሕዝብ ችግር፣ ሦስቱ በአንድ ቦታ ሲገናኙ የሚገኝ ሥራ ነው።

በኢትዮጵያ የአብነት ትምህርት ቤቶች ይህ ነገር በመጽሐፍ ሳይተረጐም በኑሮ ሲፈተን ኖሯል። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ስለ እመቤታችን ስም እየለመነ ከመምህር ወደ መምህር ይዞራል። ከንባብ ቤት ሲወጣ ድምፀ መልካሙ ወደ ዜማ ያዘነብላል፤ ሰምና ወርቅ የሚጥመው በቅኔ ቤት ይቀራል፤ ሌላውም ከብዙ ዘመን በኋላ በመጻሕፍት ቤት ተተክሎ የትርጓሜ መምህር ይሆናል። ድጓውን የዘለቀው ለምስክርነት ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት የያዘውም ወደ ዙር አምባ ይሄዳል። በዚህ ሁሉ ጉዞ ደመወዝ የሚባል ነገር ስለሌለ፣ ተማሪውን በመንገዱ ላይ የሚያቆየው የትምህርቱ ጣዕም ብቻ ነው። ረኀብና የመንደር ውሻ ጥሪን በደንብ ያበጥራሉ ይባላል። ነገር ግን ጎበዙንም አብረው ያበጥሩታል፤ በረኀብ ምክንያት ወደ አባቱ ቤት የተመለሰው ብሩህ ልጅ ስንት እንደ ሆነ የቈጠረ የለም።

የዛሬው ፈተና መልኩ ተገልብጧል። ብሩህ አእምሮ ያለውን ወጣት ከመንገዱ የሚያስወጣው ማጣት ብቻ አይደለም፤ ማግኘትም ሆኗል። መምህር፣ ሐኪም፣ የተፈጥሮ መርማሪ ወይም የቋንቋ ሊቅ ሊሆን የተሰናዳው ሰው ትምህርቱን ሲጨርስ የኮምፒዩተር ኩባንያ በደጁ ቆሞ ይጠብቀዋል። ተሳላሚው የሚረግጣት ሀገር ራሷ ለዚህ ምስክር ናት፤ በእስራኤል በ2023 ወደ ውጭ ከተሸጠው ዕቃና አገልግሎት ከግማሽ የሚበልጠው የዚሁ የቴክኒክ ሥራ ፍሬ ነበር። የነገሩ ሥር ግን ያለው በአሜሪካ ስለ ሆነ ምርመራው ከዚያ ይጀምራል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ኩባንያዎቹ ለአንድ ወጣት ያን ያህል ገንዘብ የሚከፍሉት ስለ ምንድን ነው? ብዙ ሰው በብክነት ወይም በትዕቢት ይመስለዋል፤ አይደለም። በ2023 ጉግልን የያዘው አልፋቤት የተባለው ኩባንያ ካስገባው 307 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ውስጥ 238 ቢሊዮን ያህሉ ከማስታወቂያ የተገኘ ነበር። ፌስቡክን የያዘው ሜታም በዚያው ዓመት ካስገባው 135 ቢሊዮን ዶላር ገደማ 132 ቢሊዮን የሚሆነውን ያገኘው ከዚሁ ከማስታወቂያ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ሰው አንድ ገጽ በከፈተ ጊዜ፣ ዓይኑን ጨፍኖ እስኪገልጥ ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ባዶ ቦታው ላይ የማን ማስታወቂያ እንደሚወጣ ጨረታ ይካሄዳል። ጨረታውን የሚያካሂደው መሣሪያ ነው፤ መሣሪያውም ይህ ሰው ይህን ማስታወቂያ ይነካው ይሆን ወይስ ያልፈው ይሆን ብሎ አስቀድሞ ይገምታል። ግምቱ በቀረበ መጠን ገቢው ይጨምራል።

እንግዲህ ሒሳብ የሚያውቅ አንድ ወጣት ተቀጥሮ ግምቱን ከሺህ አንድ ብቻ አሻሻለ እንበል። ለመንደር ባለሱቅ ከሺህ አንድ ምንም አይደለም። የ238 ቢሊዮን ከሺህ አንድ ግን 238 ሚሊዮን ዶላር ነው። ወጣቱ ለእናቱ ቢነግራት የማታምነው ደመወዝ፣ ከዚህ አጠገብ ሲቀመጥ እንደ ፍርፋሪ ነው። መምህሩ ግን እንዴት አድርጎ ያስተምር ቢባል በአንድ ጊዜ የሚያስተምረው ሠላሳ ወይም አርባ ልጆችን ነው፤ ፍሬውም ከሃያ ዓመት በኋላ በሌላ ሰው ቤት፣ በሌላ ሰው ስም ይወጣል። ሒሳቡን ለማን ልኮ ያስከፍላል? ስለዚህ የደመወዙ ልዩነት የሥራውን ክብር አይለካም፤ የሚለካው ፍሬው በስንት ሊባዛና በማን ኪስ ሊገባ እንደሚችል ነው። ይህን ያልተረዳ ወጣት ከፍተኛ ደመወዝ ሲሰጠው ስለ ራሱ ማንነት የተነገረው ይመስለዋል።

ከገቡ በኋላ መውጣት የሚያስቸግርበትም ምክንያት አለ። ከደመወዙ ብዙው ክፍል የሚሰጠው በኩባንያው አክሲዮን ነው፤ አክሲዮኑም በአንድ ቀን አይሰጥም። የተለመደው ሥርዓት በአራት ዓመት ተከፋፍሎ መሰጠቱ ነው፤ በብዙ ቦታ የመጀመሪያውን ዓመት ያልጨረሰ ሰው ከአክሲዮኑ ምንም ሳያገኝ ይሄዳል። የፊተኛው ድርሻ ሳያልቅ አዲስ ድርሻ ስለሚጨመር፣ ሁልጊዜ ከፊት የሚጠብቅ ገንዘብ አለ። ሁለት ዓመት ብቻ ሠርቼ፣ ዕዳዬን ከፍዬ፣ ወደ ጀመርሁት ምርምር እመለሳለሁ ያለው ሰው አሥረኛ ዓመቱን እዚያው ይደፍናል። ውሸታም ሆኖ አይደለም። የቤት ኪራዩ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤትና በሀገር ቤት ያሉ ዘመዶቹ ተስፋ ከደመወዙ ጋር አብረው ያደጉ ናቸው።

ነገሩን ሁሉ በገንዘብ ፍቅር ብቻ መተርጐምም ልክ አይደለም። አንዳንድ ጊዜ ጥሪው ራሱ በሩን ይዘጋል። በቴክሳስ፣ ዋክሳሃቺ በምትባል ከተማ አጠገብ፣ የቁስን መሠረት ለመመርመር 87 ኪሎ ሜትር የሚዞር የመሬት ውስጥ መንገድ ተጀምሮ ነበር። 23 ኪሎ ሜትር ያህሉ ተቈፍሮና ሁለት ቢሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት ሳለ፣ በ1993 የአሜሪካ ምክር ቤት ሥራውን ሰረዘው። ዕድሜያቸውን ለዚያ ምርመራ ያዘጋጁ የፊዚክስ ሊቃውንት ሥራ አጡ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ሒሳባቸውን ይዘው ወደ ኒው ዮርክ የገንዘብ ገበያ ገቡ። እነዚህን ሰዎች ጥሪያቸውን ሸጡ ማለት ግፍ ነው፤ ገበያው የተቀበላቸው መንግሥት ከጣላቸው በኋላ ነውና።

በፒትስበርግ ከተማ የሆነው ግን ከዚህ ይለያል። ካርኔጊ ሜሎን የሚባለው ዩኒቨርሲቲ በራሳቸው የሚንቀሳቀሱ መሣሪያዎችን የሚያጠና የታወቀ ማዕከል አለው። በ2015 ኡበር የተባለው የመኪና አገልግሎት ኩባንያ ያለ ሹፌር የሚሄድ መኪና ለመሥራት ስለ ፈለገ፣ ከዚያ ማዕከል አርባ ያህል ሰዎችን በአንድ ጊዜ ወሰደ። መሪዎቹም፣ መርማሪዎቹም ነበሩበት። ኩባንያው በዚያው ዓመት ለዩኒቨርሲቲው 5.5 ሚሊዮን ዶላር ስጦታ ሰጠ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ 2020፣ ያንኑ የመኪና ምርምር ክፍሉን ለሌላ ኩባንያ አስተላልፎ ከሥራው ወጣ። እዚህ ላይ የሚያሳስበው የሰዎቹ መሄድ ብቻ አይደለም። ዘር የሚሆን እህል ከጐተራ ወጥቶ ሲፈጭ፣ ዱቄቱ ለዚያ ዓመት ይበቃል፤ የሚዘራው ግን ይጠፋል። መምህሩ ከሄደ በእርሱ እግር የሚተካውን ማን ያስተምራል? የአብነት ትምህርት ቤት ሰው ይህን ያለ ማስረጃ ይረዳዋል፤ አንድ የድጓ መምህር ሳይተካ ሲያርፍ አንድ ወንበር እንደሚታጠፍ ያውቃልና።

የኮምፒዩተሩ ሊቅ ጄፍሪ ሂንተን ታሪክ ደግሞ በአንድ ወገን ብቻ ለመፍረድ ያስቸግራል። ለብዙ ዓመታት አብዛኛው ሰው ተስፋ በቈረጠበት ሐሳብ ላይ በዩኒቨርሲቲ ሲሠሩ ቈይተው፣ በ2012 ከሁለት ተማሪዎቻቸው ጋር ሐሳቡ እንደሚሠራ አሳዩ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሦስቱ ሆነው ያቋቋሙት ትንሽ ኩባንያ ለጨረታ ቀረበና ጉግል በ44 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 2023፣ ሂንተን ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አደጋ በነፃነት ለመናገር እንዲችሉ ከኩባንያው ወጡ። በ2024 ከጆን ሆፕፊልድ ጋር በፊዚክስ የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ። በዚያው ዓመት የኬሚስትሪው ሽልማት ከተሰጣቸው ሦስት ሰዎች ሁለቱ፣ ዴሚስ ሐሳቢስና ጆን ጃምፐር፣ በጉግል ቤት ውስጥ ሆነው የፕሮቲንን ቅርጽ በመተንበይ የሠሩ ናቸው። ስለዚህ ወደ ኩባንያ የገባ ሁሉ መክሊቱን ቀበረ የሚል ሰው እውነቱን አላየም።

ከሁሉ ይልቅ ሊመረመር የሚገባው የጂም ሳይመንስ ሕይወት ነው። ሳይመንስ በ1961፣ ገና 23 ዓመት በሆናቸው ጊዜ በሒሳብ የዶክተርነት ማዕረግ አገኙ። ከሺንግ ሼን ቸርን ጋር በ1974 ያሳተሙት ሥራ ኋላ ለፊዚክስ ሊቃውንት ታላቅ መሣሪያ ሆነ፤ በ1976ም በመስካቸው ከፍ ያለውን የቬብለን ሽልማት ተቀበሉ። እንግዲህ ጥሪውን ሳያገኝ ባክኖ የሄደ ሰው አልነበሩም፤ አግኝተውት፣ ሰውም መስክሮላቸው ነበር። በ1978 የስቶኒ ብሩክን ዩኒቨርሲቲ ትተው ወደ ገንዘብ ገበያ ገቡ። በ1982 ያቋቋሙት ሬኔሳንስ የተባለው ድርጅት የገበያ ነጋዴ አልቀጠረም፤ የቀጠረው የሒሳብ፣ የፊዚክስና የኮምፒዩተር ሊቃውንትን ነው። ዋጋዎች ሲወጡና ሲወርዱ የሚተዉትን ረቂቅ ምልክት በሒሳብ እየፈለጉ እጅግ ብዙ ቢሊዮን አተረፉ።

ከዚያ በኋላ ያለው የሚያስገርም ነው። ሳይመንስ ከባለቤታቸው ጋር በ1994 ለሒሳብና ለሳይንስ ምርምር የሚረዳ ድርጅት አቋቋሙ፤ ይኸው ድርጅት በ2023 ለቀድሞው ዩኒቨርሲቲያቸው 500 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። በ2004ም በኒው ዮርክ ለሒሳብ መምህራን ተጨማሪ ገንዘብ እየከፈለ በክፍል ውስጥ እንዲቈዩ የሚያደርግ ሌላ ማኅበር መሠረቱ። በአንድ እጃቸው ከፍ ያለ ደመወዝ ከፍለው ሊቃውንትን ከዩኒቨርሲቲ ያወጡ ሰው፣ በሌላው እጃቸው መምህራን ከክፍል እንዳይወጡ ከፈሉ። በግንቦት 2024 አረፉ። አንድ ሊቅ ጠፍቶ ብዙ ሊቃውንት ተረዱ የሚል ሰው ትክክል ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ይህ ስሌት የሚሠራው መላሽ ለሆነው ሰው ነው፤ የሳይመንስን መንገድ ከሚሄዱት መካከል የሳይመንስን መመለስ የሚመለስ ጥቂት ነው። ደግሞም በ1978 ቢቀሩ ምን ያገኙ እንደ ነበር በገንዘብ የሚተመን አይደለም።

ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ቅርብ የሆነ ምሳሌ የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ነው። በ1947 ወደ እንግሊዝ ሲላኩ የሚማሩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲሆን ነበር። ኢትዮጵያ ያን ጊዜ ከጦርነት የወጣች፣ መሐንዲስ እጅግ የሚያስፈልጋት ሀገር ነበረች፤ ሥዕል ለመማር ማሰብ ለብዙ ሰው እንደ ቅንጦት ሳይታይ አይቀርም። እሳቸው ግን ወደ ሥነ ጥበብ ዞሩ፤ በለንደን በሴንትራል የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትና በስሌድ ተምረው ተመለሱ። በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ የሠሩት የመስታወት ሥዕል ዛሬም ብርሃን ያሳልፋል። አንድ የማዕድን መሐንዲስ ቢሆኑ ኖሮ ሀገሪቱ ሌላ መሐንዲስ ልትተካላቸው ትችል ነበር፤ በሠዓሊው ቦታ ግን ማንን ትተካ ነበር?

በዚህ አንጻር የምሕንድስና ሥራ ራሱ ጥሪ የሆነላቸውም አሉ። በ1999 የግእዝ ፊደል በዓለም ኮምፒዩተሮች የጋራ የፊደል ሠንጠረዥ፣ ዩኒኮድ በሚባለው፣ ቦታውን አገኘ። ዛሬ ዲያቆኑ ስንክሳሩን በስልኩ የሚያነበው፣ ተሳላሚውም ለቤተሰቡ በአማርኛ የሚጽፈው ኮምፒዩተር የሚያውቁ ሰዎች ለዚህ ስለ ደከሙ ነው። ይህም ትርፍ ተብሎ ለማንም ኩባንያ አልተቈጠረም።

ደመወዙን የሚቀበል ወጣት ሁሉ መነቀፍ እንደሌለበት ግልጽ ነው። በአሜሪካ የትምህርት ዕዳ በጠቅላላው ከ1.6 ትሪሊዮን ዶላር በላይ ነው፤ ከስደተኛ ቤት የወጣ ልጅ ደግሞ ከራሱ ዕዳ ሌላ የእናቱን መድኀኒትና የታናናሾቹን ትምህርት ይሸከማል። እናትን መጦር ራሱ ትእዛዝ ነው። የሚለየው ሰው ስንት እንደሚበቃው አስቀድሞ ማወቁ ነው፤ በቃኝ የሚለውን ቍጥር ከመግባቱ በፊት ጽፎ ያላስቀመጠ፣ ከገባ በኋላ ቍጥሩ እየሸሸ ይሄድበታል።

ቍጥሩን ያወቁ ሰው ዶናልድ ክኑዝ ናቸው። የኮምፒዩተር ሊቅ ስለ ሆኑ ገበያው ከማንም በፊት ሊገዛቸው በቻለ ነበር። እሳቸው ግን በ1962 የኮምፒዩተርን ሥነ ስሌት ሁሉ የሚያብራራ መጽሐፍ ጀመሩ፤ የመጀመሪያው ቅጽ በ1968 ወጣ። የማተሚያው ፊደል አላምር ቢላቸው ሥራውን አቋርጠው፣ መጻሕፍት በመልካም ፊደል የሚታተሙበትን ዘዴ ለአሥር ዓመት ያህል ሠርተው ለሁሉ በነፃ ሰጡ። ከ1990 መጀመሪያ አንሥቶ የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ መቀበል አቆሙ፤ በ1993ም ለመጻፍ ጊዜ እንዲያገኙ ከማስተማር ሥራ ቀድመው ጡረታ ወጡ። በመካከሉ ከእያንዳንዱ የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል የምዕራፍ 3ን ቍጥር 16 እየወሰዱ ያጠኑበትን መጽሐፍ፣ ቍም ጸሐፊዎች በአማረ ጽሕፈት አስጊጠውላቸው አሳትመዋል። የዋናው ሥራ የአራተኛው ቅጽ ሁለተኛ ክፍል የወጣው በ2022 ነው፤ ሥራውም ገና አላለቀም። በመጽሐፋቸው ስሕተት ላገኘ ሰው ለእያንዳንዱ 2 ዶላር ከ56 ሳንቲም የሚያስገኝ የባንክ ቼክ እስከ 2008 ድረስ ይልኩ ነበር። ከተቀባዮቹ ብዙዎቹ ወደ ባንክ አልወሰዱትም፤ በመስታወት ከፍነው በግድግዳ ሰቅለውታል።