የበጋ ጓሮ ሥራና የፀረ ተባይ ጥንቃቄ

በደቡብ ጎንደር ዞን በወረታና በፎገራ ሜዳ ሩዙ ታጭዶ ሲገባ መሬቱ ሥራ አይፈታም። በርብና በጉማራ ወንዞች አቅራቢያ ያለው አርሶ አደር በፓምፕ ውሃ እየሳበ ቀይ ሽንኩርትና ቲማቲም ያለማል፤ በየጓሮውም ጎመንና ቃሪያ ይተከላል። ይህ የበጋ ሥራ አብሮት የሚመጣ የጤና ጉዳይ አለው፤ እርሱም የፀረ ተባይ ኬሚካል አያያዝ ነው።

ኬሚካሉ ወደ ሰውነት የሚገባው በአፍ ብቻ ሳይሆን በቆዳ፣ በዓይንና በትንፋሽም ጭምር ነው። ስለዚህ ለቤት ፍጆታ በሚያለሙት ጓሮ ላይ መርጫ ከማንሳትዎ በፊት ሌላውን መንገድ ይሞክሩ። ትሉን በእጅ ይልቀሙ፤ የታመመውን ተክል ነቅለው ያርቁ፤ በአንድ መደብ ላይ በየዓመቱ አንድ ዓይነት ተክል አይትከሉ።

መርጨት ግድ ከሆነ፦

• እጅና እግር የሚሸፍን ልብስ፣ የላስቲክ ጓንትና ቦቲ ጫማ ይልበሱ፤ አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ።
• ነፋስ ጋብ ሲል፣ ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ ይርጩ። የተደፈነ መርጫ በአፍ አይንፉ።
• ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች ከቦታው ይራቁ።
• ከርጭት እስከ ለቀማ መቆየት ያለበትን የቀን ብዛት ከማሸጊያው ላይ አንብበው ይጠብቁ፤ ካልገባዎት የቀበሌዎን የግብርና ባለሙያ ይጠይቁ። አትክልቱን ማጠብ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ኬሚካሉን ሁሉ አያስለቅቅም።
• ባዶውን ዕቃ ለውሃ ወይም ለዘይት አይጠቀሙበት። መርጫውንም ወንዝ ውስጥ አይጠቡ፤ ከዚያው ወንዝ ሰውም ከብትም ይጠጣል።

ከርጭት በኋላ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የበዛ ላብና ምራቅ፣ የዓይን ብዥታ፣ የጡንቻ መንቀጥቀጥ ወይም የትንፋሽ ማጠር ከታየ መመረዝ ሊሆን ይችላል። በሽተኛውን ከቦታው ያርቁ፤ ልብሱን አውልቀው ገላውን በብዙ ውሃና በሳሙና ይጠቡ። ኬሚካሉ እርስዎንም እንዳይነካ እጅዎን ይሸፍኑ።

ብዙዎቻችን ወተት ማጠጣት ወይም ማስመለስ የሚያድን ይመስለናል። ወተት የመርዝ ማርከሻ አይደለም፤ ማስመለስም ፈሳሹን ወደ ሳንባ ሊያስገባ ይችላል። የሚያድነው ሳይዘገዩ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መድረስ ነው። የኬሚካሉን ማሸጊያም ይዘው ይሂዱ፤ ሐኪሙ ምን ዓይነት መርዝ እንደሆነ የሚለየው በእርሱ ነው።

ዛሬ ማታ ቤትዎ ሲገቡ ኬሚካሉ የት እንደተቀመጠ ይመልከቱ። በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ተገልብጦ ከሆነ ወይም ከእህል ጎን ካለ፣ ነገን ሳይጠብቁ ልጆች ከማይደርሱበት ስፍራ ቆልፈው ያኑሩት።