እጅ ሲያዝ ሞተር ሲታዘዝ፦ ስለ ጋዝ ምላሽና ስለ ቱነር የሚነገረውና እውነታው

ረጅም መንገድ የሚጓዙ ሞተር ሳይክሎች ባለቤቶች ከሚያሰሟቸው ቅሬታዎች ሁለቱ ጎልተው ይሰማሉ። አንዱ «ጋዝ ስሰጠው ይዘገያል» ይላል፤ ሌላው «ገና ስነካው ይስፈነጠራል» ይላል። ለሁለቱም የሚታዘዘው መድኃኒት ግን አንድ ነው፤ «ቱነር ግዛ» ይባላሉ። ቱነር የሞተሩን ኮምፒውተር አንብቦ የነዳጁን፣ የካንዴላውን እሳት ሰዓትና የአየር በሩን አከፋፈት የሚወስኑትን ሰንጠረዦች ለመለወጥ የሚያስችል መሣሪያ ነው። እነዚህ ሰንጠረዦች በአንድነት «ማፕ» ይባላሉ።

መሣሪያው ጠቃሚ ነው። በዙሪያው የሚወራው ብዙ ነገር ግን ገንዘብ ያባክናል፣ ሞተር ይጎዳል፣ ሲብስም ሰው ይጥላል። እንደ ሃርሊ ዴቪድሰን አልትራ ሊሚትድ ያለ የጉዞ ሞተር ሳይክል ሰውና ሻንጣ ሳይጫንበት ከ400 ኪሎግራም በላይ ይመዝናል። ዝናብ ባረጠበው መታጠፊያ ላይ፣ ከኋላ ሰው ተቀምጦ፣ ይህን ሁሉ ክብደት የሚመራው የቀኝ እጅ ትንሽ እንቅስቃሴ ነው። ስለዚህ የጋዝ ምላሽ የደህንነት ጉዳይ ነው፤ ተረቱን ከእውነታው መለየትም የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ተረት 1፦ «ቱነር ከገባ በኋላ ጋዙ የሚፈጥነው ጉልበት ስለተጨመረ ነው።»

እውነታው፦ ፍጥነትና ጉልበት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የሃርሊ የጉዞ ሞተር ሳይክሎች ከ2008 ሞዴል ጀምሮ እጀታውን ከአየር በሩ ጋር የሚያገናኝ ገመድ የላቸውም። እጀታው ውስጥ ያለው ሴንሰር አሽከርካሪው ምን ያህል እንዳዞረ ለኮምፒውተሩ ይነግራል፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ በትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር በሩን ይከፍታል። እጁ ይህን ያህል ሲዞር በሩ ያን ያህል ይከፈት የሚለው ትእዛዝ በሰንጠረዥ ተጽፏል። ፋብሪካው እጀታው ሩብ ሲዞር በሩ ከሩብ ያነሰ እንዲከፈት ሊያደርግ ይችላል። ቱነር ይህን ቁጥር ከፍ ሲያደርገው ያው የእጅ እንቅስቃሴ ብዙ አየር ያስገባል፤ አሽከርካሪውም ሞተሩ የበረታ ይመስለዋል።

እጀታው እስከ መጨረሻው ሲዞር ግን በሩ ቀድሞም ሙሉ በሙሉ ይከፈት ከነበረ የሚጨመር ነገር የለም። ልዩነት የሚመጣው የፋብሪካው ማፕ በአንዳንድ ዙሮች ላይ የበሩን መከፈት ገድቦት ከነበረ ብቻ ነው። ጉልበት የሚገኘው በሲሊንደሩ ውስጥ ከሚቃጠለው አየርና ቤንዚን ነው። የአየር ፊልትሮው፣ ማርሚታውና ካምሻፍቱ ተለውጠው ከሆነ ቱነር ነዳጁን ከአዲሱ የአየር መጠን ጋር ያስማማል፤ ያኔ ሥራው በግልጽ ይታያል። ሁሉም እንደ ፋብሪካው ከሆነ ግን የሚገኘው ጭማሪ ትንሽ ነው።

ተረት 2፦ «ዘገምተኛ ጋዝ የፋብሪካ ጉድለት ነው።»

እውነታው፦ አብዛኛውን ጊዜ ታስቦበት የተሠራ ነው። ፋብሪካው የጭስና የድምፅ ሕግን ማክበር፣ የጀማሪውን እጅ ማሰብ፣ እርጥብ አስፋልትንም መገመት አለበት። በሩ በእርጋታ ሲከፈት የኋላ ጎማው አይንሸራተትም፤ ከኋላ የተቀመጠውም ሰው አንገቱ አይመታም።

ይህ የአሠራር ምርጫ መሆኑን የሚያሳየው አንድ ሞተር በአንድ ቁልፍ ጠባዩን መቀየሩ ነው። ሆንዳ በ2018 ሞዴል ያወጣው ጎልድ ዊንግ የጉዞ፣ የስፖርት፣ የቁጠባና የዝናብ የሚባሉ አራት ሞዶች አሉት። ሞተሩ ያው ነው፤ ከሚለወጡት ነገሮች አንዱ በእጅና በአየር በር መካከል ያለው ስምምነት ነው። ሞተር ሳይክሉ እንዲህ ያለ ምርጫ ካለው ባለቤቱ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ሁሉንም በሚያውቀው መንገድ ላይ ይሞክራቸው። ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ነገር እዚያው ይገኛል።

ተረት 3፦ «ካንገጫገጨ ማፑ ተበላሽቷል ማለት ነው።»

እውነታው፦ መንገጫገጭ ብዙ አባቶች አሉት። የላላ ካቴና ወይም ቺንጊያ፣ ያረጀ የኋላ ጎማ ጎሚኒ፣ አየር የሚያስገባ የተሰነጠቀ ማያያዣ፣ የቆሸሸ የአየር በር፣ የደከመ ካንዴላ፤ ሁሉም እጅ ላይ የሚሰጡት ስሜት ተመሳሳይ ነው። በገመድ በሚሠሩት ሞተር ሳይክሎች ላይ ደግሞ እጀታው በሩን ከመሳቡ በፊት በባዶ የሚዞርበት ርቀት አለ። ይህ ርቀት በብዙ የሆንዳ መጽሐፎች ከ2 እስከ 6 ሚሊሜትር እንዲሆን ይታዘዛል። ከዚያ ከሰፋ ጋዙ መጀመሪያ ይዘገያል፣ ቀጥሎ በድንገት ይይዛል። ይህን የሚያስተካክለው ገመዱ ላይ ያለው ማጥበቂያ ነው፤ የትኛውም ሶፍትዌር አይደርስበትም።

እርግጥ ከኮምፒውተሩ የሚመጣ መንገጫገጭም አለ። አሽከርካሪው ጋዙን ሙሉ በሙሉ ሲለቅ ኮምፒውተሩ ኢንጀክተሮቹን ይዘጋል፤ መልሶ ሲነካው ነዳጁ እንደገና ይጀምራል። በዚህ መሸጋገሪያ ላይ ነዳጁ ከሳሳ ሞተሩ ይነጥቃል። ቱነር ሊረዳ የሚችለው እዚህ ላይ ነው፤ ግን የብረቱና የጎማው ችግር አስቀድሞ ከተወገደ በኋላ ነው።

ተረት 4፦ «ነዳጅ ሲበዛ ሞተሩ ይቀዘቅዛል፣ ይበረታል፤ ስለዚህ መብዛቱ አይጎዳም።»

እውነታው፦ ይህ ተረት ግማሽ እውነት ስላለበት ለማመን ይቀላል። ንጹሕ ቤንዚን ሙሉ በሙሉ እንዲቃጠል 14.7 ክብደት አየር ለ1 ክብደት ነዳጅ ያስፈልገዋል። 10 በመቶ ኤታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን ላይ ይህ ቁጥር ወደ 14.1 ይወርዳል። ከፍተኛ ጉልበት የሚገኘው ነዳጁ ትንሽ ሲጨምር፣ ቁጥሩም 13 ገደማ ሲደርስ ነው። ፋብሪካው በእኩል ፍጥነት ጉዞ ላይ ድብልቁን ወደ ሙሉ ማቃጠያው ልክ የሚያስጠጋው ለካታሊቲክ ማጣሪያውና ለቁጠባ ሲል ነው። በዚያ ቦታ ላይ ትንሽ ነዳጅ መጨመር ጋዙን ሊያለሰልስ ይችላል።

ከልኩ ያለፈው ግን ካንዴላውን በጥላሸት ያለብሳል፣ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ዘይቱን ያጥባል፣ ወደ ሞተሩ ዘይት ወርዶ ያቀጥነዋል፣ ካታሊቲክ ማጣሪያውንም ያቃጥላል። ለተጓዥ ደግሞ ሌላ ጉዳት አለው፤ በአንድ ሙሊት የሚሄደው ርቀት ያጥራል። ጋዝ ሲለቀቅ ማርሚታው ውስጥ የሚሰማው መንጣጣትም ነዳጅ ለማብዛት በቂ ምክንያት አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚመጣው በማርሚታው መጋጠሚያ ሾልኮ የሚገባ ንጹሕ አየር ያልተቃጠለ ነዳጅ ሲያገኝ ነው። መጀመሪያ የሚታየው መጋጠሚያው ነው።

ተረት 5፦ «አውቶቱን አለው፤ ራሱ ተምሮ ሁሉንም ያስተካክላል።»

እውነታው፦ አውቶቱን ማፑን እየተነዳ የሚያርም የቱነር አሠራር ሲሆን፣ የሚማረው በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን በሴንሰር እየለካ ነው። በዚህ የሚያስተካክለው የነዳጁን መጠን ነው፤ እጀታው በሩን ምን ያህል ይክፈት የሚለውን አይነካም። ስለዚህ ቅሬታው «እጀታው ሩቅ ሄዶ ነው የሚይዘው» ከሆነ አንድ ወር ሙሉ ቢማርም አይለወጥም።

የሚለካውም ነገር ሊያስተው ይችላል። ማርሚታው ቀዳዳ ካለው፣ ወይም አጭርና ክፍት ሆኖ በዝቅተኛ ዙር የውጭ አየር ወደ ኋላ የሚሳብበት ከሆነ፣ ሴንሰሩ ያን አየር አይቶ «ነዳጅ አንሷል» ይላል። ኮምፒውተሩም በሌለ ችግር ላይ ነዳጅ ይጨምራል። ከዚህም ሌላ ትምህርቱ በተጎበኙት ቦታዎች ላይ ብቻ የተወሰነ ነው፤ በከተማ ብቻ የተነዳ ሞተር ሳይክል የአውራ ጎዳናውን የሰንጠረዥ ክፍል ሳይማር ይቀራል።

ተረት 6፦ «ደጋ ስወጣ ሌላ ማፕ መጫን አለብኝ።»

እውነታው፦ ይህ ከካርቡሬተር ዘመን የተረፈ ልማድ ነው። በካርቡሬተር ጊዜ አየሩ ሲሳሳ ነዳጁ አብሮ ስለማይቀንስ የነዳጅ ማሳለፊያውን ዥግለር መቀየር ግድ ይል ነበር። ዛሬ ግን የኢንጀክተር ሞተር የአየር ግፊትንና ሙቀትን በሴንሰር ያነባል፤ በዚያው ልክ ነዳጁን ይቀንሳል። በአሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ 4,302 ሜትር ላይ በሚያበቃው የፓይክስ ፒክ መንገድ ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠረፍ 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ሆኖም ጤነኛ የሆነ ዘመናዊ ሞተር ሳይክል ማፑ ሳይነካ ይወጣዋል። በአዲስ አበባ ከፍታም ግፊቱ ከባሕር ጠረፍ ሦስት አራተኛ ያህል ነው።

ሞተሩ በደጋ መድከሙ አይቀርም፤ ምክንያቱ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው ኦክስጅን ማነሱ ነው። ይህን የሚመልስ ሰንጠረዥ የለም። እንዲያውም እዚያ ላይ ጋዙን ለማፍጠን የአየር በሩን ሰንጠረዥ ከፍ ያደረገ ሰው ወደ ቆላ ሲወርድ አየሩ ወፍሮ ስለሚጠብቀው ከጠበቀው በላይ የሚስፈነጠር ሞተር በእጁ ላይ ያገኛል።

ተረት 7፦ «ለጓደኛዬ የሠራ ማፕ ለእኔም ይሠራል።»

እውነታው፦ ማፕ የሚሠራው ለተወሰነ የሞተር መጠን፣ ካምሻፍት፣ ፊልትሮና ማርሚታ ነው። ከአራቱ አንዱ ከተለየ ቁጥሮቹ ይዛባሉ። ዝግጁ ማፕ ጥሩ መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም። ብዙ ቱነሮች ደግሞ መጀመሪያ ከተገናኙት ሞተር ሳይክል ኮምፒውተር ጋር ይቆላለፋሉ፤ ያገለገለ ቱነር የሚገዛ ሰው ተጨማሪ ፈቃድ መግዛት እንደሚያስፈልገው አስቀድሞ ይጠይቅ።

ተረት 8፦ «የራሴ ሞተር ነው፤ ሕግም ዋስትናም አያገባቸውም።»

እውነታው፦ በአሜሪካ የጭስ መቆጣጠሪያን መነካካት በንጹሕ አየር ሕግ የተከለከለ ነው። በነሐሴ 2016 በአውሮፓ አቆጣጠር ሃርሊ ዴቪድሰን ከአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ጋር ባደረገው ስምምነት 12 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ለመክፈል ተስማምቷል። ምክንያቱ ከ2008 ጀምሮ የተሸጡ 340,000 ያህል ቱነሮች ከተፈቀደው በላይ ጭስ እንዲወጣ ያደርጋሉ መባሉ ነበር፤ ኩባንያው ጥፋተኝነቱን ባያምንም ሽያጩን አቁሟል። በአሜሪካ የሚኖር አሽከርካሪ የሚገዛው ቱነር የካሊፎርኒያ አየር ሀብት ቦርድ ፈቃድ ቁጥር እንዳለው ቢያይ ከብዙ ጣጣ ይድናል።

ዋስትናን በተመለከተ ሁለት ተቃራኒ ወሬዎች አሉ። «ቱነር ከነካው ዋስትናው ሁሉ ይሰረዛል» የሚለው የተጋነነ ነው፤ በ1975 የወጣው የአሜሪካ የዋስትና ሕግ ሌላ አምራች የሠራው ዕቃ ስለተገጠመ ብቻ ዋስትናን መንፈግ አይፈቅድም። «ወደ ጋራዥ ከመውሰዴ በፊት የፋብሪካውን ማፕ ብመልስ ማንም አያውቅም» የሚለውም ልክ አይደለም፤ የኮምፒውተሩ መዝገብ ሊነበብ ይችላል። ብልሽቱ ከማፑ የመጣ መሆኑ ከታወቀ ወጪው የባለቤቱ ነው።

ታዲያ ከየት ይጀመራል?

ከመፍቻው ይጀምሩ። ፊልትሮውን፣ ካንዴላውን፣ የማርሚታውን መጋጠሚያ፣ የካቴናውን ወይም የቺንጊያውን ውጥረት ይመልከቱ። ቀጥሎ ቅሬታዎን በቃል ይለዩት፦ የሚዘገየው በየትኛው ዙርና ማርሽ ነው? ሲጀምር ነው ወይስ ለቀው መልሰው ሲነኩት? መልሱ የሚስተካከለው የአየር በሩ ሰንጠረዥ ነው ወይስ የነዳጁ የሚለውን ይወስናል።

ከዚያ የፋብሪካውን ማፕ ቅጂ ያስቀምጡ። አዲሱን ሲጭኑ ባትሪው ሙሉ ይሁን፤ በመሀል ኤሌክትሪክ ከተቋረጠ ኮምፒውተሩ ሊበላሽ ይችላል። አንድ ሰንጠረዥ ብቻ፣ በጥቂት በመቶ ብቻ ይለውጡ፤ በዚያው መንገድ ላይ ነድተው ያወዳድሩ። የእጀታውን የመጀመሪያ ሩብ በተለይ ይጠንቀቁለት፤ በመንደር ውስጥ፣ በጠባብ መዞሪያና በዝናብ የሚሠራው እሱ ነው።

ጥሩ የጋዝ ምላሽ ማለት ፈጣን ምላሽ ማለት አይደለም። አሽከርካሪው ያሰበውን ያህል፣ ባሰበው ጊዜ፣ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት የሚመልስ ማለት ነው። ይህን የሚያገኘው የሚለካና አንድ በአንድ የሚለውጥ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ለቱነር የሚያወጣው ገንዘብ አይባክንበትም።