ወሬ የገበያን ዋጋ እንዴት ያስወድዳል?

«ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገሉ ጎፈሬ» ይላሉ አበው። በገበያ ላይ የሚነዛ ወሬ ግን ከሌላው ወሬ የሚለይበት አንድ ባሕርይ አለው፤ ሐሰት ኾኖ ተነስቶ፣ ሰዎች ስላመኑት ብቻ እውነት ኾኖ ሊያርፍ ይችላል። «ጤፍ ሊወደድ ነው»፣ «ዘይት ሊጠፋ ነው» የሚል ወሬ በተነዛ ቁጥር ሸማቹም አምራቹም የሚጎዱት በዚህ ባሕርይ ምክንያት ነው።

የሰው ልጅ አስተሳሰብና ድርጊት በሌሎች ሰዎች እንዴት እንደሚለወጥ የሚያጠናው የዕውቀት ዘርፍ ማኅበራዊ ሥነ ልቦና ይባላል። በዚህ ዘርፍ በብዛት ከሚጠቀሱት ሐሳቦች አንዱን አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ሮበርት መርተን እ.ኤ.አ በ1948 ባሳተመው ጽሑፍ «ራሱን በራሱ የሚፈጽም ትንቢት» ብሎ ሰይሞታል። ምሳሌ አድርጎ ያቀረበው ጤናማ የኾነን ባንክ ነበር። ባንክ ከአስቀማጮች የተቀበለውን ገንዘብ በብድር ስለሚያሠራው ሁሉንም በካዝና አያስቀምጥም። «ባንኩ ሊከስር ነው» የሚል ሐሰተኛ ወሬ ሰምቶ አስቀማጩ ሁሉ በአንድ ቀን ገንዘቡን ሊያወጣ ቢመጣ፣ ያልከሰረው ባንክ ይከስራል።

ይህ በተግባርም ታይቷል። እ.ኤ.አ በታኅሣሥ ወር 1973 በጃፓን ተማሪዎች በባቡር ላይ ሲጨዋወቱ፣ ቶዮካዋ በተባለ የቁጠባ ተቋም ልትቀጠር የነበረችን ጓደኛቸውን «ባንክ አደገኛ ነው» ይሏታል። ዘራፊ ይመጣብሻል ለማለት ነበር። ልጅቷ ነገሩን ለዘመዶቿ አነሳችው፤ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍም «ተቋሙ ሊከስር ነው» ወደሚል ተለወጠ። በቀናት ውስጥ አስቀማጮች ገንዘባቸውን ለማውጣት ተሰለፉ። ድንጋጤው የበረደው የሀገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ ጥሬ ገንዘብ አቅርቦ፣ ተቋሙ ችግር እንደሌለበት ከተናገረ በኋላ ነው። ፖሊስም የወሬውን መነሻ ተከታትሎ ከተማሪዎቹ ጨዋታ ደረሰ። ወቅቱ የነዳጅ ዋጋ ያሻቀበበት በመኾኑ ሕዝቡ አስቀድሞ በስጋት ላይ ነበር።

በኢትዮጵያም መጋቢት 2012 ዓ.ም የመጀመሪያው የኮሮና ቫይረስ ታማሚ መገኘቱ በተነገረ ማግስት የሎሚና የነጭ ሽንኩርት ዋጋ ማሻቀቡ የሚታወስ ነው። በሽታው የሎሚ ዛፍ አላደረቀም፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገበያ መውጣቱ ግን ዋጋውን ሰቀለው።

ሥሌቱ ቀላል ነው። በአንድ ቀበሌ 100 አባወራዎች በየወሩ አምስት አምስት ሊትር ዘይት ይገዛሉ እንበል። ነጋዴውም 500 ሊትር ያስመጣል። ወሬ የሰሙ 50 አባወራዎች ቀድመው አሥር አሥር ሊትር ቢገዙ ሱቁ ባዶ ይኾናል፤ የቀሩት 50 ምንም አያገኙም። ዘይቱ አልጠፋም፤ ከሱቅ ወደ ጓዳ ተዛወረ እንጂ። ባዶውን መደርደሪያ ያየ ሰው ግን «ወሬው እውነት ነበር» ብሎ ይደመድማል። ከገዥዎቹ ብዙዎቹ ወሬውን ላያምኑት ይችላሉ፤ ሌላው ሰው አምኖ ይቀድመኛል ብለው መስጋታቸው ብቻ ለሰልፍ ይበቃል።

ጎርደን ኦልፖርትና ሊዮ ፖስትማን የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ምሁራን እ.ኤ.አ በ1947 እንደጻፉት፣ የወሬ ጉልበት የሚለካው የጉዳዩ አስፈላጊነት በመረጃው ብዥታ ተባዝቶ ነው። እህል ሁልጊዜም አስፈላጊ ነው፤ ስለዚህ መቀነስ የሚቻለው ብዥታውን ነው።

በአርሶ አደሩ በኩል ነገሩ ሁለት መልክ አለው። የመጀመሪያው እህል መያዝ ነው። ከመኸር ምርት መሰብሰብ በኋላ ዋጋ ስለሚወርድ፣ አቅም ያለው አርሶ አደር ምርቱን ለክረምት ማቆየቱ ስህተት አይደለም። በወሬ ብቻ መያዝ ግን ሌላ ነው። ጤፍ በነቀዝ እምብዛም ስለማይጠቃ ቢቆይ ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ በቆሎ ግን በጎተራ ውስጥ በነቀዝ ይበላል። የተባለውን ዋጋ የጠበቀው ሁሉ ምርቱን በአንድ ሰሞን ሲያወጣም ዋጋው ይወድቃል።

ሁለተኛው ተቃራኒው ነው፤ ራሱን በራሱ የሚያፈርስ ትንቢት ሊባል ይችላል። እንደ ፎገራ ባሉ በመስኖ ሽንኩርት በሚለማባቸው አካባቢዎች «ዘንድሮ ሽንኩርት ያዋጣል» የሚል ወሬ ሲሰማ ብዙው አርሶ አደር በተመሳሳይ ሰሞን ችግኝ ያዛውራል። ምርቱም በተመሳሳይ ሰሞን ይደርሳል። ሽንኩርት እንደ እህል ዓመት የሚቆይ አይደለምና ገበያው ይጥለቀለቃል፤ ያዋጣል የተባለው ሰብል የጉልበት ዋጋውን እንኳ ላይመልስ ይችላል። በመጀመሪያው ወሬውን ማመን እውነት ያደርገዋል፤ በሁለተኛው ማመኑ ራሱ ያከሽፈዋል።

ስለዚህ «ዋጋው ስንት ይኾናል?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «እኔ የሰማሁትን ስንት ሰው ሰምቷል?» ብሎ መጠየቅ ይበጃል። አርሶ አደሩ ከመትከሉ በፊት በቀበሌው ምን ያህል መሬት በሽንኩርት እንደሚሸፈን ከልማት ጣቢያ ሠራተኛውና ከኅብረት ሥራ ማኅበሩ ቢያጣራ፣ ከጎረቤቶቹ ጋር ተመካክሮም የመትከያ ሳምንቱን ቢያፈራርቅ ኪሳራውን ይቀንሳል። የከተማው ነዋሪም ከወር ፍጆታው በላይ ባለመግዛት ለራሱ ቀጣይ ወር ዋጋ ዋስትና ይኾናል።

የመንግሥት ተቋማትም ድርሻ አላቸው። «እጥረት የለም» የሚል ደረቅ ማስተባበያ ብዥታን አያጠራም፤ በመጋዘን ስንት ኩንታል እንዳለና ቀጣዩ ጭነት መቼ እንደሚገባ መንገር ግን ያጠራል። «ሁሉም እያከማቸ ስለኾነ አታከማቹ» የሚል ማስጠንቀቂያም ሊጎዳ ይችላል። የሥነ ልቦና ምሁሩ ሮበርት ቻልዲኒና ባልደረቦቹ በአሜሪካ አሪዞና በሚገኝ ብሔራዊ ፓርክ ባደረጉት ጥናት፣ ብዙ ጎብኚዎች ወደ ድንጋይነት የተለወጠ እንጨት እየወሰዱ መኾኑን የሚናገረው ማስታወቂያ በተሰቀለበት ቦታ ስርቆቱ ብሶ ተገኝቷል። ሰው የሚሰማው «አታድርግ» የሚለውን ብቻ ሳይኾን «ሌላው እያደረገ ነው» የሚለውንም ነው።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ቢባልም ገበያ እስኪነጋ አይጠብቅም። ወሬው ወደ ሰልፍ ከመለወጡ በፊት ማጣራት የሸማቹንም የአምራቹንም ኪስ ይጠብቃል።