ሁለት ናቸው

በ2015 ዓ.ም. ጥር፣ ጥምቀትን ጎንደር ያከበሩ ስድስት የአዲስ አበባ ልጆች እያስጎበኘሁ የሰሜን ተራሮች ካምፕ፣ ሳንቃበር አደርኩ። እራት ተበልቶ፣ ሻይ ተጠጥቶ፣ እሳቱን ከበን ጋቢያችንን እንደተከናነብን አንደኛዋ ላፕቶፗን አወጣች። «ጋሼ፣ ሆረር ይወዳሉ?» አለችኝ። እወዳለሁ አልኳት። የከፈተችው ስክሪምን ነበር።

ስካውታችን፣ የፓርኩ ታጣቂ ጠባቂ፣ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ከኋላችን ተቀምጧል። እንግሊዝኛ አይሰማም፤ ግን ዓይኑን ከስክሪኑ አልነቀለም። አንዲት ልጅ ብቻዋን ቤት ናት፤ ምድጃ ላይ ፈንድሻ ጥዳለች፤ ስልክ ይጠራል። የደወለው የማታውቀው ወንድ ነው። ድምፁ ለስላሳ ነው፣ ተጫዋችም ነው፤ ታወራዋለች፣ ትስቃለች። ቆይቶ ወሬው ጥያቄ ይሆናል። ስለ አስፈሪ ፊልሞች ይጠይቃታል፤ የሳተች እንደሆነ የምትከፍለው በነፍስ ነው። ልጅ ሆነን እንቆቅልሽ ስንጫወት ያላወቀ አገር ይሰጥ ነበር። እዚህ አገር የሚቀበል የለም።

«ለማታውቀው ሰው ይህን ሁሉ ጊዜ ምን ታወራለች?» አለ ስካውቱ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፦ «እሪ አትልም እንዴ? ጎረቤት የላትም?»

ልጆቹ ሳቁ። እኔ ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም። በእኛ ገጠር ሴት ልጅ በሌሊት እሪ ካለች ማዶ ያለው ሰው ዱላውን ይዞ ይወጣል። እንዲህ ዓይነት ፊልም የሚሠራው እሪታ የማይሰማበት ቤት ሲገኝ ነው። ሰፊ ግቢ፣ ትልልቅ መስኮት፣ ሩቅ ጎረቤት ያስፈልገዋል። አለዚያ ደግሞ ጫካ ውስጥ የተተከለ ካምፕ፤ እኛ ያን ሌሊት እንደነበርንበት ያለ።

ፊልሙ ትንሽ ገፍቶ ሲሄድ ፖሊስ የዋና ባለታሪኳን የወንድ ጓደኛ ጠርጥሮ አሰረው። እሱ እስር ቤት ሳለ ገዳዩ እንደገና ደወለላት። ስለዚህ ልጁ ንጹሕ ነው ተባለና ተፈታ። ስካውቱ ራሱን ነቀነቀ። «ሁለት ናቸው» አለ።

ስድስቱም ፊልሙን ከዚህ በፊት አይተውታል። አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም፤ ላፕቶፑን የያዘችው ልጅ ፊቷን በጋቢዋ ሸፈነች።

«አያ፣ በምን አወቅህ?» አልኩት።

«እሱ ታስሮ ሌላው ደወለ። ይኸ ሌላ ሰው መኖሩን ነው እንጂ የሱን ንጽሕና አያሳይም። በግ ሌባም እንዲህ ነው። አንዱ ከላይ በኩል ውሻ ያስጮሃል፣ አንዱ ከታች በረት ይከፍታል። አንተ ውሻው ወደጮኸበት ስትሮጥ በጉ ሄደ።»

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1996 ሲወጣ የዓለም ተመልካች ያልጠበቀውን ነገር የሰሜን ተራራ ሰው በበግ ሌባ ልማድ ፈታው። በፊልሙ ውስጥ ፖሊስ አለ፣ ጋዜጠኛ አለች፣ አስፈሪ ፊልም ሁሉ አይቼ ጨርሻለሁ የሚል ወጣት አለ። ዱካ የሚያይ ግን አንድም አልነበረም።

እኔ ዓመት የምይዘው በሥራዬ ነው። ደባርቅ ከሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ተነስተን መኪና ውስጥ እንደገባን ለእንግዳ የምናገረው አንድ ነው፦ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ዝርዝር ገባ፣ በ2017 ወጣ። እንደ ስክሪም ያሉት፣ ስላሸር የሚባሉት ፊልሞችም በነዚሁ ዓመታት ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጆን ካርፔንተር ሃሎዊንን ያወጣው በ1978 ነው። ዌስ ክሬቨን ኬቨን ዊሊያምሰን የጻፈውን ስክሪምን ያወጣው በ1996። በልደቷ ቀን ተገድላ በዚያው ቀን ደግማ ደጋግማ የምትነቃው፣ ገዳይዋን ራሷ ፈልጋ እንድታገኝ የተፈረደባት ልጅ ታሪክ፣ ሃፒ ዴዝ ዴይ፣ በ2017። አጋጣሚ ነው፤ ግን እንዲህ ከተያዘ አይረሳም።

ሦስቱን ተከታትሎ ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። የመጀመሪያው ውስጥ ገዳዩ ማን እንደሆነ ከጅምሩ ይታወቃል። ነጭ ቀለም የተቀባ የካፒቴን ኪርክ ጭምብል ለብሶ ዝም ብሎ የሚራመድ ሰው ነው፤ ተመልካቹ ከመፍራት በቀር ሥራ የለውም። ስክሪም ላይ ግን ጭምብሉን የለበሰው ከልጅቷ ጓደኞች መካከል ነው፤ እየፈራህ ትገምታለህ። ሦስተኛው ላይ ግምቱም ሳቁም ገንኖ ፍርሃቱ ቅመም ብቻ ሆኗል። ከሦስቱ መካከለኛውን አስበልጣለሁ። የፈራ ሰው አእምሮው ሥራ ካገኘ አይሰበርም፤ ይህን ከፊልም ሳይሆን ከገደል ነው የተማርኩት። እሜት ጎጎ ላይ፣ 3,926 ሜትር ከፍታ፣ ጉልበቱ ለከዳው እንግዳ «አትፍራ» ማለት ምንም አይጠቅመውም። «ከታች ያለውን መንደር ታየዋለህ? ስንት ጣሪያ አለው?» ስለው ግን መቁጠር ይጀምራል፣ እግሩም ይረጋል።

ስክሪምን መጀመሪያ ያየሁት እዚሁ ደባርቅ፣ ቪዲዮ ቤት ነው። መስኮቱ በጆንያ የተሸፈነ ክፍል፣ አግዳሚ ወንበር፣ ሃምሳ ሳንቲም። ፊት ለፊት እንግሊዝኛ እሰማለሁ የሚል አንድ ጎረምሳ ቆሞ ይተረጉምልናል። ግማሹ ትርጉም የራሱ ፈጠራ እንደነበር ዛሬ አውቃለሁ፤ ገዳዩን «አጅሬ»፣ ልጅቷን «አክተሯ» ይላታል። አክተር አይሞትም፤ ይህ ሕግ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያዋ ልጅ፣ ያቺ ታዋቂ ተዋናይ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ስትሞት ክፍሉ በጩኸት ተናጋ፤ ገንዘባችን ይመለስ ያለም ነበር። ከዚያ መጨረሻው ላይ፣ ጭምብሉ ሊወልቅ ሲል ጄኔሬተሩ ነዳጅ ጨረሰ።

ያኔ ብንናደድም ዛሬ የማመሰግነው ነዳጅ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ትምህርት ቤት የምንጨቃጨቀው ገዳዩ ማነው በሚል ነበር። አንዱ ፖሊሱ ነው ይላል፣ አንዱ ርዕሰ መምህሩ ነው ይላል፤ ርዕሰ መምህሩ እኮ ሞቷል ሲባል «አስመስሎ ነው» ብሎ ይሟገታል። በነዚያ ቀናት ማናችንም ሌሊት አልቃዠንም። ክርክሩ ፍርሃቱን በልቶት ነበር። «ማነው?» የሚል ጥያቄ የኛን ተመልካች እንደሚስብ ቀደም ብሎ የገባው ሰውም አለ፤ በ1957 ዓ.ም. የተሠራው የመጀመሪያው የአማርኛ ረጅም ፊልም ራሱ ርዕሱ ጥያቄ ነው፦ ሂሩት አባቷ ማነው።

ፍርሃትንና ሳቅን አንድ ማድጋ ውስጥ መጨመር ከውጭ የመጣ ጥበብ አይመስለኝም። ጅብን ተረታችን ምን ብሎ ይጠራዋል? አያ ጅቦ። ሌሊት በረት የሚሰብረውን፣ አህያ የሚዘነጥለውን አውሬ በታላቅ ወንድም ስም እንጠራዋለን። ልጅ ሆኜ አያቴ ስትተርክልኝ «አያ» ስትል እስቅ ነበር፤ «ጅቦ» ስትል ወደ ቀሚሷ እጠጋለሁ። ደግሞ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ያለው ጅብ አለ። ይህን ምሳሌ ለቀልድ እንጠቀምበታለን፤ ረጋ ብሎ ላሰበው ግን የሚያስበረግግ ነው። በር የሚያንኳኳው እንግዳ በጨዋ ድምፅ ይናገራል፣ ቁርበት ይለምናል፤ ቤተኞቹ ማን እንደሆነ አላወቁም፤ ቁርበቱ ደግሞ ምግቡ ነው። ስክሪም የሚጀምረው በዚሁ እንግዳ ነው፣ በስልክ መጣ እንጂ። በስልክ የሚናገረውን ሰው፣ ሮጀር ጃክሰንን፣ ቀረጻው ላይ ተዋንያኑ እንዳያዩት ደብቀውት ነበር። ምክንያቱ ይገባኛል። የጅብ ድምፅ ከድንኳን ውጭ የሰማ እንግዳ ከኔ ጋር ነቅቶ ያድራል፤ በማግስቱ ያንኑ ጅብ በዓይኑ ካየው በኋላ ግን «ይኼ ነው?» ብሎ ይስቃል።

ስለዚህ በጅብ እቀልዳለሁ። በነፋስ ድምፅ፣ ድንኳን በምትፍቅ በቅሎ እቀልዳለሁ። በገደል አልቀልድም። ጅንባር ፏፏቴ ማዶ ስንቆም ጓደኛውን «ልግፋህ?» ያለውን ልጅ የዚያን ቀን በጣም ተቆጥቼዋለሁ፤ ጨነቅ ካምፕ ላይ ራሴን አመመኝ ባለ ሰውም ማንም እንዲስቅ አልፈቅድም፣ የከፍታ ሕመም ሊሆን ይችላልና። በፊልሙ ውስጥ ልጆቹ የሚያልቁት ቀልድና አደጋ ስለተቀላቀለባቸው ነው። ጭምብል ለብሰው በትምህርት ቤቱ ኮሪደር ሲሯሯጡ ከርመው እውነተኛው ሲመጣም ቀልድ መሰላቸው። ጭላዳዎች ከነሱ ይሻላሉ። ሲመሽ ነብርንና ጅብን ሸሽተው ገደሉ ወገብ ላይ ወርደው ይተኛሉ። ቀን ሣር ሲግጡ አንዱ ከጮኸ መንጋው በሙሉ ወደ ገደሉ ይፈሳል፤ ምንም የለም ከሆነ ተመልሰው ይወጡና እርስ በርስ እየተቀማመሉ ያጉረመርማሉ። ቪዲዮ ቤት ውስጥ መቶ ሆነን የጮኽነውና የሳቅነው እንዲህ ነበር።

ሳንቃበር ላይ፣ ያን ሌሊት ግን አንድ ነገር አመለጠኝ። ቢላዋ የያዘው ገዳይ በሩን ሲገፋ፣ ልጅቷም ከውስጥ ስትገፋ፣ ልጆቹ እየጮኹ ሲሳሳቁ፣ ከእሳቱ ማዶ ተቀምጦ የነበረው በቅሎ ነጂያችን ቦታው ላይ አልነበረም። መቼ እንደተነሣ አላየሁም። የማየት ሥራ የኔ ነበር፤ እንጀራዬ እኮ ሰው መቁጠር ነው።

በቅሎዎቹ ጋ አገኘሁት። ጠብቆ የታሰረ ገመድ ፈትቶ እንደገና ያስራል።

«ወንድምዓለም፣ በረደህ?»

«አልበረደኝም። ልጆቹ ይሳቁ፣ ምንም አላጠፉም። እኔ ግን የሚገፋ በር ማየት አልችልም።»

የዳባት ሰው ነው። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ ላይ በዳባት ወረዳ፣ በጭና፣ ሰላማዊ ሰዎች በየቤታቸውና በየማሳቸው እንደተገደሉ የማያውቅ ሰው እዚህ አካባቢ የለም። እሱ ምን እንዳየ አልጠየቅኩትም፤ አሁንም አልጠይቀውም። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ገመዱን ያዝኩለት።

ከዚያ ሌሊት ወዲህ ስለነዚህ ፊልሞች ሳስብ የምለያቸው በደም ብዛት አይደለም። ሟቹን ማን አለቀሰለት ብዬ ነው። ፍራይደይ ዘ ሰርቲንዝ እ.ኤ.አ. በ1980 ሲጀምር ገዳይዋ ልጇ ውሃ ውስጥ የቀረባት እናት ነበረች፤ እብደት ቢሆንም ከሐዘን የመጣ ነው። ተከታዮቹ ክፍሎች ሲደራረቡ ግን ወጣቶቹ ስም እንኳ ሳይያዝላቸው ይወድቃሉ፤ ተመልካቹ ቁጥር እየቆጠረ ይስቃል። ይህን አልወደውም፤ ለእንግዳም አላሳይም። በእኛ አገር አንድ ሰው ሲሞት አልቃሽ ስሙን ትጠራለች፣ ሰው ድንኳን ውስጥ ይቀመጣል፣ አርባውና ሙት ዓመቱ ይታሰባል። ስክሪም ላይ ሲድኒ የምትባለው ልጅ እናቷ ተገድላባታል፤ ታሪኩ የሚጀምረው ሙት ዓመቷ ሊደርስ ሲል ነው። ልጅቷ በፊልሙ ሙሉ ሐዘንተኛ ናት። ጓደኞቿ ሲቀልዱ እሷ ብዙ አትስቅም፣ ፊልሙም በሐዘኗ አይሳለቅም። ለዚህ ይመስለኛል ቀልዱ የማይጎረብጠኝ።

አሁን እሳት ዳር ማንም ምንም ከመክፈቱ በፊት የተቀመጠውን ሰው አንድ በአንድ አያለሁ፤ ምግብ አብሳዩን፣ ስካውቱን፣ በቅሎ ነጂውን። እጠይቃለሁም።

በማግስቱ ማታ ግጭ ነበርን። የላፕቶፑ ባትሪ ቢኖርም አላወጡትም፤ ባለ ላፕቶፗን ልጅ ጠዋት ለብቻዋ ነግሬያት ነበር፣ ወዲያው ገብቷታል። ስካውቱን «ሁለት ናቸው» እያሉ ቀኑን ሙሉ ሲጠሩት ዋሉ፤ እሱም ደስ ብሎታል። እሳቱ ሲነድ እሷው «እንቆቅልሽ እንጫወት» አለች። ከተማ ያደጉ ናቸው፣ ስልክ ውስጥ ካልፈለጉ አያውቁትም፤ ግጭ ላይ ደግሞ ኔትወርክ አልነበረም።

በቅሎ ነጂው ድንገት ተነሥቶ ቆመ። «እንቆቅልህ» አለ።

«ምን አውቅልህ!» አሉ ስድስቱም።

ጠየቃቸው። አንዱ ሲገምት ሌላው ሲያርም ብዙ ቆዩ፤ አላወቁትም። «አገር ስጡኝ» አላቸው። አዲስ አበባን ሰጡት፤ አልፈልግም አለ። ጎንደርን ሰጡት፤ እጁን አወዛወዘ። ባሕር ዳርን፣ ላሊበላን፣ ሐዋሳን። ልጆቹ እየሳቁ የካርታውን አገር ሁሉ አራገፉ፤ እሱም እየሳቀ ይመልሳል። ልጅቷ አየችኝ። ምንም አላልኳትም።

«እሺ ዳባትን» አለች።

«አሁን ሰጣችሁኝ» ብሎ ተቀመጠ።